ዊልቸርን በትንሽ መኪና ማጓጓዝ
ዊልቸር (ተሽከርካሪ ወንበር) በትንሽ መኪና ለመጫን የሚታጠፍ ወይም የሚፈታታ መሆን አለበት። መስቀለኛ ብረት ያለውን ታጣፊ ዊልቸር እ.ኤ.አ. በ1933 አሜሪካውያኑ መሐንዲሶች ሄርበርት ኤቨረስት እና ሃሪ ጄኒንግስ ሠሩ፤ ኤቨረስት በማዕድን ማውጫ አደጋ ምክንያት ራሱ የዊልቸር ተጠቃሚ ነበር።

ለማጠፍ የእግር ማሳረፊያዎቹ ይነሣሉ፤ ከዚያም የመቀመጫው ጨርቅ መሐሉ ላይ ተይዞ ወደ ላይ ይሳባል። ባለ ባትሪ ስኩተር ግን ከባድ ስለሆነ ባትሪውና መቀመጫው ወጥተው ለየብቻ ይጫናሉ። በድንገተኛ ፍሬን ተሳፋሪ እንዳይመታም ይታሰራል።

በሐዋሳ ከተማ ብዙ ሰው የሚጓጓዝበት ባጃጅ ሰፊ የዕቃ ቦታ የለውም። የታጠፈ ዊልቸር የተሳፋሪ ቦታ ስለሚይዝ፣ ተጠቃሚው ባጃጁን በኮንትራት ለመያዝ ሊገደድና ከሌላው ተሳፋሪ የበለጠ ሊከፍል ይችላል።