የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የመጻሕፍት መረጣ መመሪያ በምን ይመዘናል?

የመጻሕፍት መረጣ መመሪያ የሚመዘነው በዓላማው ውበት ሳይሆን ለአስቸጋሪ ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ነው። ለአብነት የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» እንውሰድ። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደርጓል፤ በኋላ ግን እንደገና ታትሟል። እንዲህ ያለውን ድርሰት ማን፣ በምን መስፈርት ይመርጣል? ቅሬታ ቢነሣበት ማን አንብቦ ይወስናል? ቅጂው በንባብ ብዛት ሲያረጅ እንዴት ይተካል? መመሪያው እነዚህን ካልመለሰ ውሳኔው በሠራተኛው ፍርሃት ላይ ይወድቃል። በ1999 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የዩኔስኮ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት መግለጫም ክምችቱ ከርዕዮተ ዓለም፣ ከፖለቲካና ከሃይማኖት ሳንሱር ነጻ እንዲሆን ይጠይቃል። በስጦታ የሚገኙ መጻሕፍትም በዚሁ መስፈርት ሊመረመሩ ይገባል፤ አለዚያ መደርደሪያው ሞልቶ የሥነ ጽሑፍ ተማሪው የሚያነበው ልብ ወለድ ያጣል።