ለጥርስ ሥር ጫፍ የሚመረጠው መሙያና የቀዶ ሕክምናው ውጤት

በአገራችን ልማድ ጥርሱን ያመመው ሰው በመጀመሪያ ቅርንፉድ ይነክሳል፤ ሕመሙ ሲጸናበትም ያስነቅላል። በተለይም እንደ ራቤል ባለ የደጋ ከተማ ለሚኖር የግሼ ሰው ወደ ደብረ ብርሃን የሚወስደው መንገድ ረጅም ስለ ሆነ፥ ሕመሙ ጋብ ሲል ነገሩን መርሳት ይቀናዋል። ነገር ግን ሕመም ተወ ማለት ጥርስ ዳነ ማለት አይደለም፤ የታመመ ጥርስም ሁሉ የግድ መነቀል የለበትም። ስለዚህ ጥርስን ከመነቀል ሊያድን ስለሚችል አንድ ቀዶ ሕክምና፥ ይልቁንም በእርሱ ስለሚያገለግለው መሙያ፥ ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ልንገልጽ እንወዳለን።

በጥርስ ውስጥ ነርቭና የደም ሥር አሉ። ጥርስ ተበልቶ ሲቦረቦር ወይም በምት ሲጎዳ ነርቩ ይሞትና ተሕዋስያን በሥሩ ቦይ ወርደው የመንጋጋውን አጥንት ያበላሻሉ፤ መግልም ይቋጠራል። የመጀመሪያው ሕክምና ቦዩን አጽድቶ መሙላት ነው። ይህ ሳይሳካ ቀርቶ እንደ ገና መሥራትም የማይቻል ሲሆን፥ ሐኪሙ ድዱን ከፍቶ የተበላሸውን ሥጋ ያወጣል፤ ከሥሩ ጫፍ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይቆርጣል፤ በተቆረጠውም ስፍራ 3 ሚሊ ሜትር ያህል የጠለቀ ጕድጓድ አበጅቶ ይሞላዋል። የተሸነቆረ እንስራ አፉን ቢከድኑት ከታች ማፍሰሱን እንደማይተው ሁሉ፥ የሥሩ ጫፍ በሚገባ ካልተደፈነ በቦዩ የቀሩት ተሕዋስያን ወደ አጥንቱ ይመለሳሉ።

ለብዙ ዘመን ሐኪሞች የተገለገሉበት መሙያ አማልጋም ነበር። ይኸውም ባዜቃ (ሜርኩሪ) ከብር፥ ከቆርቆሮና ከመዳብ ጋር የተዋሐደበት ነው። ጠንካራ ቢሆንም በጊዜ ብዛት ይዝጋል፤ ዳር ዳሩን ያሾልካል፤ ድድንም ሊያጠቁር ይችላል። ቀጥሎ ከዚንክ ኦክሳይድና ከቅርንፉድ ዘይት ከሚገኘው ዩጂኖል የተሠሩ መሙያዎች በሥራ ላይ ዋሉ። በ1993 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአሜሪካ በሎማ ሊንዳ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ማህሙድ ቶራቢነጃድና ባልደረቦቻቸው ኤም.ቲ.ኤ. የተባለውን መሙያ ለሕክምናው ዓለም አስተዋወቁ። ይህ መሙያ ከግንባታ ሲሚንቶ ጋር የቅርብ ዘመድ ሲሆን፥ የሚጠነክረው እርጥበት ሲያገኝ ነው፤ ስለዚህ ደም በማይጠፋበት ስፍራ ይስማማል። በላዩም አዲስ የሥር ሽፋን ሊበቅልበት ይችላል። ጕድለቱ ለመጠንከር ሰዓታት መፍጀቱና ዋጋው መወደዱ ነው። ለሕክምና ተጣርቶ የተዘጋጀ ስለ ሆነ ግን ማንም ሰው የቤት ሲሚንቶን እንደ መድኃኒት እንዳይቈጥር እናስጠነቅቃለን።

ታዲያ ውጤቱ እንዴት ነው? በ2010 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ጽሑፍ እንዳሳየው፥ አማልጋም በሚሞላበት በቀድሞው ዘዴ የተሳካው 59 ከመቶ ያህል ሲሆን፥ በአዲሱ ዘዴ 94 ከመቶ ያህል ሆኗል። ሆኖም ይህ ልዩነት ከመሙያው ብቻ የመጣ አይደለም፤ በአዲሱ ዘዴ ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ እያየ በረቀቁ መሣሪያዎች ይሠራልና። ኤም.ቲ.ኤ.ን ከዩጂኖሉ መሙያ ጋር ያነጻጸረ በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ከ2 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያው 92፥ ለሁለተኛው 87 ከመቶ አግኝቷል፤ ልዩነቱም አንዱን ከሌላው ለማስበለጥ የሚበቃ አልሆነም። ከዚህ የምንረዳው፥ አማልጋምን መተው ተገቢ ሲሆን፥ ከተሻሉት መሙያዎች መካከል ግን ከስሙ ይልቅ የሐኪሙ ጥንቃቄና የአሠራሩ ንጽሕና እንደሚበልጥ ነው።

ይህን ሥራ የሚሠራው የሠለጠነ የጥርስ ሐኪም ብቻ ነው። በሽተኛውም ቦዩን እንደ ገና ማከም ይቻል እንደ ሆነ፥ በምን መሙያ እንደሚደፈንና መቼ ለራጅ እንደሚመለስ ሳያፍር ይጠይቅ። አጥንቱ ቀስ ብሎ ስለሚሞላ፥ ሕመም ባይኖርም ከ1 ዓመት በኋላ በራጅ መታየት ያስፈልጋል።

መምህራን ሆይ፥ በጨዋታ ወድቆ የፊት ጥርሱ የተመታ ተማሪ ሕመሙ ቢተወውም ጥርሱ ከጠቆረ፥ ወይም በድዱ ላይ መግል የምታፈስ ብጉር ከወጣች፥ ወላጆቹ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም እንዲወስዱት ምከሯቸው። ፊቱ አብጦ ካተኮሰው ወይም መዋጥ ካቃተው ግን በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይሂድ። በጊዜው የታከመ ጥርስ ይህን ሁሉ ቀዶ ሕክምና ላያስፈልገው ይችላል፤ ከመሙያ ሁሉ የሚበልጠውም መሙያ የማያሻው ጤነኛ ጥርስ ነው።