ማጣትን መፍራት በሩጫ ሜዳ

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት እንዳብራሩት፣ ሰው ትርፍና ኪሳራውን የሚመዝነው «ይገባኛል» ብሎ ከያዘው መነሻ አንጻር ሲሆን፣ ከዚያ ዝቅ ማለቱ የሚያሳዝነው በዚያው ልክ ከፍ ማለቱ ከሚያስደስተው በላይ ነው። ማጣትን መፍራት የሚባለው ይህ ዝንባሌ በሴቶች ይበረታል የሚል ግምት በሰፊው ቢኖርም፣ ኑሯቸውን በውድድር ለመሠረቱ ስፖርተኞች ግን ግምቱ እንዳለ ሊወሰድ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2011 የቀረበ የታወቀ ጥናት ዝንባሌውን ያገኘው በአሜሪካ በሚካሄዱ የወንዶች ጎልፍ ውድድሮች ተጫዋቾች ዘንድ ነው፤ ለአንድ ጉድጓድ ከተመደበው የምት ብዛት ላለማለፍ የሚመቱትን ኳስ፣ ከተመደበው በታች ለመጨረስ ከሚመቱት ተመሳሳይ ኳስ በተሻለ ያስገቡ ነበር።

ጥንቃቄ ደግሞ ሁልጊዜ የፍርሃት ምልክት አይደለም። 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው እንጦጦ ላይ ማልደው የሚሮጡ አትሌቶች በባሕር ዛፉ መካከል አንድ መስመር ይዘው፣ የፊተኛውን እርምጃ ተከትለው ሲጓዙ ጉልበት መቆጠብን እንደ ሙያ ይማራሉ፤ ይህን የሚማሩት ወንዶቹም ሴቶቹም ናቸው። በ14 የአሜሪካ ማራቶኖች በተሰበሰበ ውጤት፣ በሁለተኛው አጋማሽ ፍጥነታቸው ይበልጥ የወረደው ወንዶቹ ነበሩ፤ ይህም ከመጠን ያለፈ በራስ መተማመንን ሊያመለክት ይችላል እንጂ ማጣትን ስለመፍራት የሚነግረን ነገር የለም።

የኢትዮጵያዊቷ ሯጭ የአልማዝ አያና የሪዮ ኦሊምፒክ ውድድሮች ግምቱ እንዳለ እንደማይወሰድ ያጎላሉ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 12 ቀን 2016 በ10,000 ሜትር ግማሽ ርቀት አካባቢ ተነጥላ በመውጣት በ29 ደቂቃ ከ17.45 ሴኮንድ ስታሸንፍ፣ ከ1993 ጀምሮ የቆየውን የዓለም ክብረ ወሰን ከ14 ሴኮንድ በላይ አሻሻለች፤ በሳምንቱ በ5,000 ሜትር በዚያው ስልት ርቃ ከሄደች በኋላ ግን ሁለት ኬንያውያን ደርሰው አለፏትና ሦስተኛ ወጣች። ለብዙ ሯጭ ትልቅ ትርፍ የሚሆነው ነሐስ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በዚሁ ርቀት የዓለም ሻምፒዮን ለነበረች አትሌት እንደ ኪሳራ ሊቆጠር ይችላል፤ እርሷ ግን ወርቁን ለማግኘት ሌሎቹን ሜዳሊያዎች አደጋ ላይ ከመጣል አልተመለሰችም። ከወንዶቹም እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን ኢትዮጵያዊው ታምራት ቶላ በአገሩ ልጅ በሲሳይ ለማ ምትክ ገብቶ በዳገቱ ላይ ተነጥሎ በመውጣት አሸንፏል።

ስለዚህ ፆታን ብቻ ነጥሎ ለመመርመር መነሻውም ሽልማቱም እኩል መሆን አለበት። ለምሳሌ በ2024 የቦስተን ማራቶን ለወንዶችም ለሴቶችም አንደኛው ሽልማት 150,000፣ ሁለተኛው 75,000 ዶላር ስለነበር፣ መሪነቱን የሚነጠቅ ሯጭ የሚያጣው ገንዘብ ለሁለቱም ፆታ አንድ ነበር።