ቤት ሲታደስ ሕጉም ይታወቅ

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በየቡና በሰርቦ፣ የብዙው ነዋሪ ቤት አሠራር ተመሳሳይ ነው። የባሕር ዛፍ ቋሚ ይተከላል፤ በማገር ይታሰራል፤ በጭድ የታሸ ጭቃ ይመረግበታል፤ ከላይ ቆርቆሮ ይለብሳል። እንዲህ ያለው ቤት በአነስተኛ ወጪ የሚሠራ፣ በደንብ ከተያዘም ለብዙ ዓመታት የሚያገለግል ነው።

ይሁን እንጂ ጉድለት አያጣም። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቀን ያግላል፣ ሌሊት ያቀዘቅዛል። መስኮቱ ጠባብ በመሆኑ በጠራራ ፀሐይ መብራት ይበራል። በማድ ቤቱ ውስጥ ያለው ጉልቻ ማገዶ ያባክናል፤ የጭስ መውጫ ባለመኖሩም ጭሱ በእናቶችና በሕፃናት ዓይንና ሳንባ ላይ ይቀራል። የዓለም የጤና ድርጅት ግምት እንደሚያመለክተው፣ በቤት ውስጥ በሚፈጠር የጭስ ብክለት ሳቢያ እ.ኤ.አ. በ2020 በመላው ዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል።

ቡናው ተለቅሞና ተሽጦ ገንዘብ እጅ ሲገባ፣ ዝናቡም ሲያባራ፣ ብዙ ቤተሰብ ቤቱን ለማደስ ይነሳል። ሐሳቡ የሚደገፍ ነው። ነገር ግን አናጢ ከመጥራት በፊት መታወቅ ያለበት ጉዳይ አለ። የትኛው ሥራ የማዘጋጃ ቤት ፈቃድ እንደሚጠይቅ ሳያረጋግጥ ግድግዳና ጣራ የሚነካ ሰው፣ ማገዶ ለመቆጠብ ብሎ ያወጣውን ገንዘብ ሊያጣው ይችላል።

በምድጃ መጀመር

ከሁሉ በፊት ቤቱን ሳይነኩ የሚሠራውን ማስቀደም ይገባል። በቤተሰብ ደረጃ ከፍተኛውን ማገዶ የሚፈጀው እንጀራ መጋገር ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. የተስፋፋው ምርጥ ምጣድ ከሲሚንቶና ከአሸዋ በቅርጽ የሚወጣ ምድጃ ሲሆን፣ በሦስት ጉልቻ ከሚነደው እሳት ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ይቆጥባል። ላቀች የተባለው የከሰል ምድጃም እንዲሁ ከሰልን ይቆጥባል። የተሰነጠቀ ጭቃ መምረግ፣ የበርና የመስኮት ክፍተት መድፈንም ብዙ ወጪ የማይጠይቁ ናቸው። እነዚህ ሥራዎች የቤቱን ቋሚ፣ ግድግዳና ጣራ የሚለውጡ አይደሉም።

የጭስ መውጫ ግን ጣራ መብሳትን ስለሚጠይቅ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። የጋለው ቧንቧ እንጨትና ማገር እንዳይነካ መራቅ፣ ቆርቆሮው የተበሳበት ቦታም ዝናብ እንዳያስገባ መደፈን አለበት። ጎረቤትም መረሳት የለበትም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ላይ፣ ባለሀብት የሆነ ሰው ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስና ጥላሸት ወደ ጎረቤቱ እንዳይለቅ ይከለክላል። የራስን ማድ ቤት አጽድቶ ጭሱን በጎረቤት መስኮት ላይ ማዞር ክስ ያስከትላል ማለት ነው።

ሕጉ ምን ይላል

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ግንባታ ሲል አዲስ ቤት መሥራትን ብቻ ማለቱ አልነበረም። ነባር ቤትን ማሻሻልና አገልግሎቱን መለወጥንም አጠቃልሏል። አዋጁ 10 ሺህና ከዚያ በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞች እንዲሠራበት የተደነገገ ሲሆን፣ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ጅማ 120,960፣ አጋሮም ከ25 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበራቸው። ሕንፃዎች በሦስት ምድብ ሲከፈሉ ፎቅ የሌለው ተራ መኖሪያ ቤት በመጀመሪያውና በቀላሉ ምድብ ውስጥ ገባ። ፈቃድ የሚሰጥና ሥራውን የሚቆጣጠር የሕንፃ ሹምም ተመደበ፤ ያለ ፈቃድ የተሠራን ግንባታ የማስቆምና እንዲፈርስ የማዘዝ ሥልጣንም ተሰጠው።

ከዚህ የምንረዳው ግልጽ ነው። መስኮት ለማስፋት ግድግዳ የሚቆርጥ፣ ጣራ ከፍ የሚያደርግ፣ ማድ ቤት የሚጨምር ወይም በረንዳውን ዘግቶ ክፍል የሚያደርግ ሰው ነባር ቤቱን እያሻሻለ ነውና አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። በጭቃ ቤት ጣራውን የሚሸከመው ግድግዳው ውስጥ ያለው ቋሚ ነው። ለመስኮት ብሎ ሁለትና ሦስት ቋሚ የሚቆርጥ አናጢ በላዩ ላይ ጠንካራ አግዳሚ ካላሳረፈ፣ ክረምት ሲመጣ ጣራው መጉበጥ፣ ግድግዳውም መሰንጠቅ ይጀምራል። ስለዚህ ፈቃዱ ለወረቀት ብቻ ሳይሆን ለቤተሰቡ ደኅንነት ጭምር የተደነገገ ነው።

ሕጎችና መመሪያዎች በየጊዜው ስለሚሻሻሉ፣ ከዓመታት በፊት ጎረቤት የነገረውን ይዞ ከመሥራት ይልቅ በሥራ ላይ ያለውን ደንብ ከከተማው ማዘጋጃ ቤት መጠየቅ ይሻላል። ጠያቂው የይዞታ ማስረጃውን፣ የሚነካውን ግድግዳ ወይም ጣራ የሚያሳይ ቀላል ንድፍና ከወሰኑ ያለውን ርቀት ይዞ ቢቀርብ ጊዜ አያባክንም። መልሱንም በጽሑፍ መቀበል ለኋላ ክርክር መከላከያ ይሆናል።

ኮርኒስና እሳት

ሙቀት ለመጠበቅ ኮርኒስ ጥሩ መላ ነው። ነገር ግን በየቤቱ የሚታየው የማዳበሪያ ከረጢትና የፕላስቲክ ሸራ ኮርኒስ እሳት ሲነካው እየቀለጠ ይንጠባጠባል። ምድጃ ከሚነድበት ክፍል በላይ እንዲህ ያለ ነገር መወጠር አደገኛ ነው።

ይህን የመሰለ ስሕተት በሀብታም አገርም ተፈጽሟል። በለንደን ከተማ ግሬንፌል ታወር የተባለው ባለ 24 ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ ሲታደስ፣ ሙቀት እንዳያባክን ከውጭ በኩል ተቀጣጣይ ልባስ ተደረገለት። እድሳቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ተፈጸመ። በማግሥቱ ዓመት፣ ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ከአንድ ወጥ ቤት የተነሳው እሳት በልባሱ ላይ ተዛምቶ 72 ሰዎችን ገደለ። ኃይል ለመቆጠብ የተደረገ ሥራ የግንባታን ደንብ ካልተከተለ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ዓለም የተማረው በዚህ ነው።

ኤሌክትሪክ ሲገባ

ግልገል ጊቤ ቁጥር 1 የኃይል ማመንጫ ጣቢያ በዚሁ በጅማ ዞን ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ በ1996 ዓ.ም. 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ሥራ ጀምሯል። ከማገዶ ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድ የሚዛወረው ቤተሰብም ጥቂት አይደለም። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይስባል። ይህም በ220 ቮልት ሲሰላ ወደ 16 አምፔር ይጠጋል። ለአምፖል ተብሎ በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ምጣድ መሰካት ሽቦውን ያግላል፤ በደረቅ እንጨትና በጭድ በተሠራ ግድግዳ ውስጥ የጋለ ሽቦ ደግሞ እሳት ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ሥራ የብቃት ማረጋገጫ ባላቸው ባለሙያዎች እንዲከናወን ያዘዘው ያለ ምክንያት አይደለም። ለምጣዱ ራሱን የቻለ ወፍራም መሥመርና የራሱ ማቋረጫ ሊኖረው ይገባል።

የቀበሌ ቤትና ጥንታዊ ቤት

በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ወደ መንግሥት ከዞሩ ወዲህ፣ በየከተማው በቀበሌ ቤት የሚኖር ብዙ ሕዝብ አለ። እነዚህ ቤቶች አርጅተዋል፤ ጭስና ቅዝቃዜ የሚበረታውም በእነሱ ላይ ነው። ተከራዩ ግን ባለቤት ባለመሆኑ፣ በራሱ ገንዘብ ቢያድስም የአከራዩን መሥሪያ ቤት ስምምነት በጽሑፍ ማግኘት አለበት። ይህ ሳይሆን ቢቀር ያወጣውን የሚመልስለት አያገኝም።

ጅማ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በጅሬን ኮረብታ ላይ የቆመባት፣ በመርካቶዋም ባለ እንጨት ሰገነት ነባር ቤቶች የሚታዩባት ከተማ ናት። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ የሚደረግ ማንኛውም ጥገና አስቀድሞ እንዲፈቀድ ደንግጓል። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ የማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ብቻውን አይበቃም።

ገጠር ወደ ከተማ ሲጠጋ

በጎማ፣ በጌራና በሊሙ ኮሳ ገጠር የሚኖረው ቡና አምራች ቤቱን ለማደስ የከተማው ደንብ አይመለከተው ይሆናል። ዳሩ ግን ከተሞቹ እየሰፉ ነው። የትናንቱ የቡና ጓሮ ዛሬ በከተማ ፕላን ውስጥ ሊገባ ይችላል። ገበሬው ቤቱን ከማደሱ በፊት ይዞታው መንገድ ወይም ሌላ አገልግሎት በታቀደበት ቦታ ላይ አለመዋሉን ማረጋገጡ ለራሱ ይጠቅመዋል።

በአንጻሩ ባለሥልጣኑም ድርሻ አለው። አንዲት እናት ማድ ቤቷ ላይ የጭስ መውጫ ለማውጣት ደጅ ስትጠና ከሰነበተች፣ ሳትጠይቅ ወደ መሥራት ታመራለች። ማዘጋጃ ቤቶች ፈቃድ የሚያስፈልገውንና የማያስፈልገውን እድሳት ለይተው በአማርኛና በኦሮምኛ በግልጽ ሰሌዳ ላይ ቢለጥፉ፣ ለጭቃ ቤት የሚሆን የመስኮትና የጭስ መውጫ ናሙና ንድፍም ቢያዘጋጁ፣ ነዋሪው ሕጉን ከመሸሽ ይልቅ ይጠጋዋል።

ባለቤቱ በበኩሉ ምድጃውን አስቀድሞ፣ ግድግዳና ጣራውን አስፈቅዶ፣ ሽቦውን ለባለሙያ ሰጥቶ ቢሠራ፣ የቡና ገንዘቡ በጭስና በፍርስራሽ አይባክንም።