ክሊኩን ስዘጋው

ሐረር ውስጥ ድምፅ መቅረጽ እንጀራዬ ነው። ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት የሐረሪ የሰርግ ዘፈን ይዞ መጣ። የኤሌክትሪክ ጊታርና የድራም ማሽን አስገብቶበታል። አብረውት የመጡት አያቱ ትንሽ ሰምተው «ልጄ፣ ይሄ የኛ አይደለም» አሉት። እሱም «አባባ፣ ቋንቋው የኛ፣ ዜማው የኛ፤ ታዲያ የማን ነው?» ብሎ ጠየቃቸው።

የፐንክ ሮክ ወዳጆችም ከጅምሩ በዚሁ ነገር ሲሟገቱ ኖረዋል። የለንደኑ ፐንክ ባንድ ዘ ክላሽ እ.ኤ.አ. በ1977 በመጀመሪያው አልበሙ የጃማይካ ሬጌ ተጫውቷል፤ በ1979 «ለንደን ኮሊንግ» ላይ ደግሞ ስካና የድሮ ሮክ ጨመረበት። እና ይሄ ፐንክ ነው?

መቀላቀል እንደሚቻል እኔን ያሳመነኝ ግን የእኛው ሰው ነው። ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ ቀረርቶና ሽለላን በሳክስፎን ያስጮሁ ጌታ ነበሩ። ዘ ኤክስ የተባለው የሆላንድ ፐንክ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2004 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ጋበዛቸው፤ በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የተሰኘውን አልበም አብረው አወጡ። አልበሙን ስሰማ ጊታሮቹ ለእንግዳው ብለው አልለዘቡም፤ ሳክስፎኑም ለፈረንጅ ጆሮ ብሎ አልተሞረደም። ፎካሪው ፎካሪ፣ ፐንኩም ፐንክ እንደሆነ ነው የተገናኙት። ለእኔ ይሄ ያለጥርጥር ፐንክ ነው፤ ሽለላም ነው።

የወጣቱን ሥራ ትራክ በትራክ ከፍቼ ሳየው አያቱ ልክ ነበሩ። ጥፋቱ ግን ከጊታሩ አልነበረም። ተቀባይ የለውም። የራሱን ድምፅ ሦስት ጊዜ ደራርቦ ለራሱ ይቀበላል። ምቱም ቴምፖ ከሚቆጥረው ክሊክ ንቅንቅ አይልም። ዚክሪ በሚባለው የሐረሪ መንፈሳዊ ዝማሬ ላይ የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል፤ ከበሮው፣ ማለትም ከረቡው፣ ሲመታ፣ የእንጨቱ ከበል ሲጋጭ፣ ቤቱ እየሞቀ ሲሄድ ምቱም አብሮ ይፈጥናል። ማሽን ቤቱ መሞቁን በምን ያውቃል? የከተማችን ሰው አብደላ ሸሪፍ በሙዚየማቸው ካሰባሰቧቸው የድሮ ቅጂዎችም የምንማረው የተቀባይን ነገር ነው፤ እኔ በሰማኋቸው ላይ ከዘፋኙ እኩል የሚሰማው የተቀባዩ ጉባኤ ነው።

ክሊኩን ዘጋሁት። በማግስቱ አራት ዘመዶቹ መጡ፤ አያቱ ከበሉን ይዘው ከማይኩ ራቅ ብለው ተቀመጡ። በመጀመሪያው ቅጂ ከበላቸው ከጊታሩ ቀድሞ ገባ። ወጣቱ ሊያቋርጥ ሲል በእጄ ከለከልኩት። ሦስተኛው ላይ ጊታሩ ራሱ እሳቸውን መከተል ጀመረ፤ ያስቀረነውም እሱን ነው። አያቱ ስለ ጊታሩ ደግመው አላነሱም።

የምትቀርጹ ልጆች፣ ጊታርም ራፕም የፈለጋችሁትን ቀላቅሉ። ስትመጡ ግን ተቀባዮቻችሁን ይዛችሁልኝ ኑ። ክፍሏ ብትጠብም እናጠጋጋችኋለን።