ተጨማሪ መረጃ፦ የጉና ከፍታና የደም አሲድነት

ጉና ተራራ በፋርጣ፣ በእስቴና በላይ ጋይንት መካከል ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ከስማዳ ቆላ ወደዚያ የሚወጣ ሰው ኦክስጅን ስለሚያጥረው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ከወትሮው በበለጠ ከሰውነቱ ይወጣል። ይህ ጋዝ በደም ውስጥ ካርቦኒክ አሲድ የሚፈጥር በመሆኑ፣ ሲቀንስ የደም ፒኤች (አሲድ ሲያንስ ከፍ የሚለው የአሲድነት መለኪያ) ከጤናማው መጠን (ከ7.35 እስከ 7.45) በላይ ሊወጣ ይችላል። ያን ጊዜ አንጎል ትንፋሽን ይገታል፤ ኦክስጅን እያስፈለገ መሆኑ ነው ችግሩ። መፍትሔው የሚመጣው ከኩላሊት ነው። ኩላሊት አሲድን የሚያረክሰውን ባይካርቦኔት በሽንት እያስወገደ ፒኤችን ወደ ጤናማው መጠን ያቃርባል፤ ትንፋሽም ሳይገታ ይበረታል። ሳንባ በደቂቃዎች የሚያመጣውን ለውጥ ለማስተካከል ግን ኩላሊት ቀናት ይፈጅበታል፤ ከፍታን ቀስ በቀስ መውጣት የሚመከረውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።