«ጋሼ፣ ሜምኖን የእኛ ንጉሥ ነበር?»

ባለፈው ክረምት ደጀን እህቴ ቤት ሰንብቼ ነበር። አንድ ማታ ዘጠነኛ ክፍል የሚማረው ልጇ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጦ፣ «ጋሼ፣ የኢትዮጵያን ንጉሥ ይዤ ነው የምዋጋው!» አለኝ። የንጉሡን ስም ብጠይቀው «ሜምኖን» አለ። ቀጥሎም «እውነት የእኛ ንጉሥ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። «አዎ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን እርግጠኛ አልነበርኩም። «ነገ እነግርሃለሁ» ብዬ አመለጥኩ።

ጨዋታው «ቶታል ዋር ሳጋ፦ ትሮይ» ይባላል። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2020 ሲሆን፣ ሜምኖን የገባበት በ2021 መጨረሻ በወጣው ተጨማሪ ክፍል ነው።

በግሪኮች ተረት ሜምኖን የኢትዮጵያውያን ንጉሥ፣ የንጋት አምላክ የኤኦስ ልጅ ነው። አባቱ ቲቶኖስ የትሮይ ንጉሥ የፕርያም ወንድም ነበር። ጀግናው ሄክቶር ከሞተ በኋላ ሜምኖን ጦሩን አስከትሎ ለአጎቱ ደረሰ። በውጊያው የኔስቶርን ልጅ አንቲሎኮስን ገደለ፤ በመጨረሻ ግን በአኪለስ እጅ ወደቀ። እናቱ ዜውስን ለምና ዘላለማዊ ሕይወት አሰጠችው። ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ የማለዳ ጤዛ ኤኦስ ለልጇ የምታፈሰው እንባ ነው ይላል።

ታዲያ የእኛ ነው? ግሪኮች «ኢትዮጵያውያን» የሚሉት ፊታቸው በፀሐይ የጠቆረ ለማለት ሲሆን፣ በተለይ ከግብፅ በስተደቡብ ያሉትን ሕዝቦች ይጠሩበት ነበር። የዛሬዋን አገራችንን ብቻ ማለታቸው አልነበረም። ስም ደግሞ ያሳስታል፤ ግብፅ ሉክሶር ያሉት፣ ቁመታቸው 18 ሜትር የሚደርስ «የሜምኖን ሐውልቶች» በእውነቱ የፈርዖን አሜንሆቴፕ ሦስተኛ ናቸው።

በነጋታው ይህንኑ ነገርኩት። ቅር ይለዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ግን «ታዲያ የእኛዎቹ እውነተኛ ነገሥታት ለምን ጨዋታ አልተሠራላቸውም?» አለኝ። ጨዋታውን ልትከለክለው ያሰበችው እናቱም ይህን ስትሰማ ፈገግ አለች፤ «የቤት ሥራህን ከጨረስክ በኋላ ብቻ» ብላ ፈቀደችለት።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ሲጫወት አልፎ አልፎ አጠገቡ ቁጭ በሉ። ጥያቄ ካነሣም የማታውቁትን «አላውቅም፣ አብረን እንፈልግ» በሉት። በማግስቱ ጠዋት ጤፍ ማሳው ዳር ስናልፍ ልጁ ጤዛውን በእጁ ዳሰስ አድርጎ፣ «የሜምኖን እናት ዛሬም አልቅሳለች» አለኝ።